ከማሊያ የወረደው ውርርድ የት ገባ? የስፖርት ማስታወቂያና የሕዝብ አስተያየት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2023 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከጨዋታ ማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሳት ተስማሙ። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ በራሳቸው ፈቃድ ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የ2025/26 የውድድር ዓመት ሲያልቅ እንዲሆን ተወሰነ። ዜናው በወጣበት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስፖንሰር በደረታቸው የያዙት 8 ክለቦች ነበሩ፤ ውሎቻቸው ተደምረው በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋሉ። በ2024/25 የክለቦቹ ቁጥር 11 ደረሰ። ሊወጣ ነው የተባለው ነገር ከመውጣቱ በፊት በዛ ማለት ነው።

ብዙ ደጋፊ ስምምነቱን እንደ ድል ቆጥሮታል፤ ለዓመታት ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነበርና። ዝርዝሩን ያነበበ ግን የማሊያው እጅጌ እንዳልተነካ፣ በሜዳው ዙሪያ የሚበሩት ሰሌዳዎች እንዳልተነኩ፣ «ይፋዊ የውርርድ አጋር» የሚባለው ውልም እንደቀጠለ ያያል። ሕዝቡ በጠየቀውና ባገኘው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የሕዝብ አስተያየት እንዴት እንደሚለካ፣ ማስታወቂያውም በትክክል የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሊያው ላይ እንዴት ወጣ

የአቋማሪ ድርጅት ስም በፕሪሚየር ሊግ ማሊያ ደረት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002/03 ነው፤ ፉልሃም ቤትፌርን ለበሰ። በዚያን ጊዜ ውርርድን በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ በአብዛኛው አይፈቀድም ነበር። በ2005 የወጣው የቁማር ሕግ በሴፕቴምበር 2007 ሥራ ላይ ሲውል የቴሌቪዥኑም በር ተከፈተ። ቀጥሎ ዘመናዊ ስልክ መጣ፤ ኳሱ እየተጫወተ እዚያው ተቀምጦ መወራረድ ተቻለ፤ የማስታወቂያው ገንዘብም አብሮ አበጠ። በ2019/20 ከፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች 10ሩ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በቻምፒየንሺፕ ካሉት 24 ደግሞ 17ቱ የውርርድ ድርጅት ስም ይዘው ይጫወቱ ነበር።

የትኞቹ ክለቦች እንደሚለብሱት ልብ ማለት ይገባል። አርሰናልና ማንችስተር ሲቲ ደረታቸውን የሸጡት ለአየር መንገድ፣ ሊቨርፑል ደግሞ ለባንክ ነው። ዓለም አቀፍ ስማቸው ያን ያህል ያልገነነ ክለቦች እንዲህ ያለ ደንበኛ በቀላሉ አያገኙም፤ በገበያው ውስጥ ከሌላው አስበልጦ የሚከፍላቸው የውርርድ ድርጅት ነው። ስለዚህ የደረቱ እገዳ ሲመጣ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ትልልቆቹ ምንም ሳያጡ «እንስማማለን» ለማለት ይችላሉ፤ የራሳቸው የውርርድ ውል ያለው ሌላ ቦታ ነውና።

ብዙ ተመልካች የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በማሊያው ላይ የተጻፈው ስም እንግሊዝ ውስጥ ደንበኛ የማይፈልግ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የሚያነጣጥረው ጨዋታውን በእስያ በቴሌቪዥን የሚያየውን ሕዝብ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለማስተዋወቅ ግን የአገሩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ፈቃድ ባለው ሌላ ኩባንያ ስር ይጠለላል። ባለፈቃዱ ድረ ገጹን ያንቀሳቅስለታል፣ ስሙ የእስያው ድርጅት ሆኖ ይቀጥላል። በአይል ኦፍ ማን ደሴት የነበረው ቲጂፒ ዩሮፕ የሚታወቀው በዚህ ሥራ ነው። በ2025 የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን 3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት እንዲከፍልና አሠራሩን እንዲያስተካክል ሲነግረው ፈቃዱን መልሶ ወጣ። ኮሚሽኑ በዚያው ለቦርንማውዝ፣ ለፉልሃም፣ ለኒውካስል፣ ለዎልቭስና ለበርንሌይ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ፈቃድ የሌለውን ድርጅት ማስተዋወቅ ክለቡንም ያስጠይቃል የሚል ነው። የእንግሊዝ ደጋፊ «ይህ ስም የማነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ያጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡ ምን ይላል፤ ጥያቄውስ ምን ነበር

ጋምብልአዌር የተባለው የብሪታንያ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2024 ይፋ ባደረገው የዳሰሳ ውጤት 67 በመቶው ሕዝብ የውርርድ ማስታወቂያ በዝቷል ብሏል። 74 በመቶው በማኅበራዊ ሚዲያ፣ 72 በመቶው በቴሌቪዥን የሚወጣው ላይ ጠንከር ያለ ቁጥጥር ይፈልጋል። በአውስትራሊያ የቤተሰብ ጥናት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት 78 በመቶው አዋቂ ቢያንስ በሳምንት አንዴ የውርርድ ማስታወቂያ እንደሚያይ ወይም እንደሚሰማ ተናግሯል፤ ማስታወቂያው ከምሽቱ 4፡30 በፊት ከቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ ይከልከል ያለው ግን 53 በመቶ ነው።

ከሁለት ሦስተኛ ወደ ግማሽ መውረዱ ሕዝቡ ሐሳቡን ስለለወጠ አይደለም። አገሮቹም ጥያቄዎቹም ይለያያሉ። «በዝቷል?»፣ «ይገደብ?» እና «ይከልከል?» ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው የሚስማማ ሰው ሁሉ እስከ ሦስተኛው አይሄድም። እገዳ የሚፈልግ ወገን የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ እገዳ የማይፈልግ ወገን የሦስተኛውን። ሁለቱም አልዋሹም። አንባቢ ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት የጥያቄውን ቃል ነው፤ ቃሉ ካልተጻፈ ቁጥሩን ባይጠቅሰው ይሻላል።

ቀጥሎ የሚታየው ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ማን እንደሆነ ነው። ጋምብልአዌር ለብዙ ዓመታት ይተዳደር የነበረው የውርርድ ድርጅቶች በፈቃዳቸው በሚሰጡት መዋጮ ነበር፤ ተቺዎቹም ይህን ሲያነሱበት ኖረዋል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ብሪታንያ በሕግ የሚሰበሰብ ግዴታ ክፍያ ጣለች፤ ድርጅቶቹ እንደ ሥራቸው ዓይነት ከገቢያቸው ከ0.1 እስከ 1.1 በመቶ ለምርምር፣ ለመከላከልና ለሕክምና ይከፍላሉ። ለወደፊት ጥናቶች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሰው ስለ ማስታወቂያ ሲጠየቅ ሌላውን ይጎዳል፣ እኔን ግን አይነካኝም ማለት ይቀናዋል። ይህ በተለያዩ አገሮች በማስታወቂያና በመገናኛ ብዙኃን ጥናት ተደጋግሞ የታየ ዝንባሌ ነው። በውርርድ ላይ ሲመጣ ሁለት ውጤት አለው፦ ሰዎች ልጆችን ለመጠበቅ እገዳን ይደግፋሉ፣ ስለ ራሳቸው ግን አይጨነቁም፤ ስለዚህ ድጋፉ ሰፊ ቢሆንም ስስ ነው። አንድ መራጭ በዚህ ጉዳይ ብቻ ድምፁን አይለውጥም፤ ፖለቲከኛም ይህን ያውቃል። በዚያው በአውስትራሊያው ጥናት ከሚወራረዱት ሰዎች አምስት አንዱ ገደማ ማስታወቂያ ማየቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ላይ እንዲወራረድ እንዳደረገው ተናግሯል። «እኔን አይነካኝም» የሚለው እምነት ከዚህ ጋር አይገጥምም።

ስለ ልጆች ያለው ስጋት መሠረት አለው። በአውስትራሊያ የዲኪን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ስፖርት ተከታታይ ልጆችን ሲጠይቁ ሦስት አራተኛዎቹ ውርርድን የስፖርት መደበኛ አካል አድርገው እንደሚያዩት አግኝተዋል። እነዚህ ልጆች መወራረድ አይችሉም። ግን ኳስ ማለት ከውርርድ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው ብለው ያድጋሉ፤ 18 ዓመት ሲሞላቸው ውሳኔው ከብዙ ዓመት በፊት ተለማምዶ ያለቀ ይሆናል።

ደጋፊው በክለቡ ገንዘብና በእምነቱ መካከል ሲገባስ? በ2022 ኤቨርተን ስቴክ ከተባለው የውርርድ ድርጅት ጋር ሲፈራረም ከ20,000 በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። ውሉ አልተቀየረም፤ ክለቡ በወቅቱ ገንዘብ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ሉተን ታውን ደግሞ በ2023 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ የውርርድ ድርጅትን በደረቱ አልለብስም ብሎ በዚያው ጸና። ስለዚህ «አማራጭ የለም» የሚለው ክርክር ሙሉ እውነት አይደለም፤ አማራጩ ግን አነስ ያለ ገንዘብ ነው። ደጋፊውን በጣም የሚያናድደው ደግሞ ሁለት መለኪያ መኖሩ ነው። በሜይ 2023 የብሬንትፎርዱ አጥቂ አይቫን ቶኒ የውርርድ ደንብን 232 ጊዜ በመጣስ 8 ወር ታገደ። ያን ጊዜ ማሊያው ላይ የነበረው ስም ሆሊውድቤትስ የተባለ የውርርድ ድርጅት ነው። ተጫዋች በኳስ ላይ መወራረዱ መከልከሉ ትክክል ነው፤ የጨዋታው ንጽሕና በእርሱ ላይ ቆሟል። ነገር ግን ሱስ ያለበትን ወጣት በየሳምንቱ የውርርድ ስም አልብሶ ማሰለፍ ሊያሳፍር የሚገባው ነገር ነው።

ዓይን የሚያርፍበትና ማስታወቂያው ያለበት

የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ2023/24 ፕሪሚየር ሊግ በተከፈተበት የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ የወጡ የውርርድ መልእክቶችን ቆጠሩ፤ 10,999 ሆነ። ከእነዚህ ወደ 7,000 የሚጠጉት የታዩት በቀጥታ ስርጭት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ሊጠቀስ የሚገባው ይህ ነው፦ በጨዋታው ወቅት ከሚታየው የውርርድ ማስታወቂያ ውስጥ የማሊያው ደረት ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር። አብዛኛው ያለው በሜዳው ዙሪያ ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ነው። በዓመቱ ቆጠራው ሲደገም አጠቃላይ ቁጥሩ ወደ 29,000 አሻቀበ።

ስለዚህ 2026/27 ሲጀመር ከደረት ላይ የሚወርደው ትንሹ ክፍል ነው። ለምን እርሱ ተመረጠ? ምክንያቱም ሕዝብ የሚያየው፣ ጋዜጣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ወላጅ የሚገዛው ማሊያ ነው። ሰሌዳው ሲዞር ዓይን ይለምደዋል፤ ተመልካች ተጠይቆ «ምን አየህ?» ሲባል የሚያስታውሰው ማሊያውን ነው። ተቃውሞው በሚታወሰው ላይ ተሰበሰበ፣ መፍትሔውም ወደዚያው ሄደ። የውርርድ ኢንዱስትሪው የሰጠው ነገር ከያዘው አንጻር ርካሽ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ሆኗል። ከኦገስት 2019 ጀምሮ የብሪታንያ ድርጅቶች በፈቃዳቸው በቀጥታ ስርጭት ወቅት፣ ጨዋታው ከመጀመሩ 5 ደቂቃ በፊት አንስቶ ካበቃ 5 ደቂቃ በኋላ ድረስ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ ላለማስተላለፍ ተስማሙ። የፈረስና የውሻ ውድድር አልተካተቱም። ስምምነቱ በዕረፍት ሰዓት የሚገቡ ፊልሞችን በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ስምምነቱ የሚቆጣጠረው የማስታወቂያ ጊዜን እንጂ በካሜራው ፊት የሚያልፈውን ሰሌዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያለው ነው። እዚያ ድርጅቶቹ የሚለጥፉት የኳስ ቀልድ፣ የግብ ቪዲዮ፣ «ማን ያሸንፋል?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ማስታወቂያ አይመስልም። የብሪስቶል ቡድን በ2023 ካያቸው እንዲህ ዓይነት ልጥፎች 92 በመቶው ማስታወቂያ መሆናቸው በግልጽ አይታወቅም ነበር። ሰው ያላወቀውን ማስታወቂያ በዳሰሳ ጥያቄ ሊቃወመው አይችልም። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ በብሪታንያ ታዋቂ ተጫዋችን በውርርድ ማስታወቂያ ማሠራት ተከልክሏል፤ ልጆችን በብርቱ ይስባል ተብሎ ነው። ጥሩ ደንብ ነው፤ ያ ሁሉ የቀልድ ልጥፍ ግን ከደንቡ መንፈስ ውጭ ይመላለሳል።

ማስጠንቀቂያ ጽሑፎችም አሉ። ከ2015 ጀምሮ የብሪታንያ ድርጅቶች «ደስታው ሲቆም አቁሙ» የሚል መፈክር ይዘው ነበር፤ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ደስታ» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ጎልቶ ተጽፏል። የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈትኑት ውርርድን እንደማይቀንስ አገኙ። በ2021 በሌላ መፈክር ተተካ።

የሚሸጠው ምንድን ነው

ስለ ማስታወቂያ ሲወራ ይዘቱ ይረሳል። ዛሬ በብዛት የሚተዋወቀው በአንድ ቲኬት ብዙ ጨዋታ የመደርደር ውርርድ ነው፤ በኢትዮጵያም ብዙ ወጣት የሚቆርጠው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ በሒሳብ ይገባል።

ኦድ ማለት ያሸነፈ ሰው ያስያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር ነው፤ ዕድሉ እኩል በእኩል የሆነ ነገር ትክክለኛ ኦዱ 2.00 ነው። አቋማሪው 1.90 ቢሰጥ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 95 ብር ይሆናል፤ 5 ብሩ የእርሱ ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲደረደሩ ግን ቅነሳው በእያንዳንዱ ላይ ይደገማል፦ 0.95 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.77 ነው። ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 77 ብር። አሥር ጨዋታ ከሆነ 60 ብር ብቻ። ያው ተጫዋች፣ ያው ኦድ፣ ያው ድርጅት ሆኖ የአቋማሪው ድርሻ ከ5 ብር ወደ 40 ብር አደገ።

ማስታወቂያው የሚያሳየው ግን ሌላውን ጫፍ ነው። የአሥሩ ጨዋታ ኦድ 1.90 አሥር ጊዜ ሲባዛ 613 ይመጣል፤ «በ100 ብር 61,300 ብር!» ተብሎ ይጻፋል። የማሸነፍ ዕድሉ ከ1,024 አንድ መሆኑ፣ ትክክለኛው ክፍያም 102,400 ብር መሆን እንደነበረበት አይጻፍም። ቦነስም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ቦነሱን ለማውጣት ከተወሰነ ኦድ በላይ፣ የተወሰነ ብዛት ያለው ጨዋታ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ መጫወት ግዴታ ይሆናል፤ ደንበኛውን ወደ ረጅሙ ቲኬት የሚገፋ ቅድመ ሁኔታ ነው። ስለ ማስታወቂያ ሕዝብን የሚጠይቅ ዳሰሳ «ይህ ማስታወቂያ ስለ ዕድልህ ምን ነገረህ?» ብሎ ቢጠይቅ ከ«በዝቷል?» የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ሌሎቹ ያደረጉት

ጣሊያን በ2018 ባወጣችው ድንጋጌ ሁሉንም የውርርድ ማስታወቂያና የስፖርት ስፖንሰርሺፕ ከለከለች። ጠንካራ ነው ተባለ። ይሁንና ከ2024/25 ጀምሮ የኢንተር ሚላን ማሊያ ላይ ቤትሰን ስፖርት የሚል ስም አለ። የሚተዋወቀው የስፖርት ዜና ገጽ እንጂ የውርርድ ገጹ አይደለም ይባላል፤ ስሙ ግን ያው ነው። ሕግ አርቃቂ ከዚህ የሚማረው ክልከላው አገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን ስሙን፣ ምልክቱንና ቀለሙን መያዝ እንዳለበት ነው።

ስፔን በ2020 የማሊያ ስፖንሰርሺፕን አገደች፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ገፋችው። በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከድንጋጌው ጥቂት አንቀጾችን ሻረ፤ በመንግሥት ድንጋጌ ሳይሆን በፓርላማ ሕግ መደንገግ ነበረባቸው የሚል ነው። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስም ከ2023 ጀምሮ በየደረጃው ገድበዋል።

አውስትራሊያ ሌላ ትምህርት ናት። በጁን 2023 በፒታ መርፊ የሚመራ የፓርላማ ኮሚቴ፣ ሁሉም ፓርቲዎች ተስማምተው፣ 31 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ አንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ የኢንተርኔት ውርርድ ማስታወቂያን ደረጃ በደረጃ ማጥፋት ነበር። መርፊ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በካንሰር አረፉ። ሕዝቡ ደግፎ፣ ኮሚቴው ተስማምቶ እያለ እስከ 2025ቱ ምርጫ ድረስ ሕጉ አልቀረበም፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የስፖርት ማኅበራት ገቢያችን ይጎዳል ብለው ገፍተው ነበርና። ሕዝብ ደገፈ ማለት ብቻውን ሕግ ወጣ ማለት አይደለም።

እኛ ጋ

የኢትዮጵያ ተመልካች ይህን ሁሉ በዲኤስቲቪ ይቀበላል። የብሪታንያ የዕረፍት ሰዓት ስምምነት እዚህ አይሠራም፤ ሰሌዳው ግን አብሮ ይመጣል። የእንግሊዝ ክለቦች በልጆች መጠን በሚሸጥ ማሊያ ላይ የውርርድ ስም አያትሙም፤ ተመስሎ የሚሠራው የልጆች ማሊያ ግን ይህን ደንብ አያከብርም፣ የአዋቂውን ይገለብጣል። ወላጅ ሲገዛ ደረቱን ማየት አለበት።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ትልቁ የእግር ኳስ ውድድር በአንድ የውርርድ ድርጅት ስም «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ሊግ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ግን አንዱን ስፖንሰር በሕግ ስናስወጣ የሚተካውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባ ነበር።

እዚህ ሕዝብን ስለ ጉዳዩ መጠየቅ የሚፈልግ፣ ጋዜጠኛም ይሁን ተማሪ፣ ከአስተያየቱ በፊት ቆጠራውን ቢያስቀድም ይበጃል። አንድ ሙሉ ጨዋታ ይቀዳ። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ይሠመር፦ ደረት፣ እጅጌ፣ ሰሌዳ፣ የዕረፍት ማስታወቂያ፣ የኮሜንታተር ወሬ። ስሙ ሙሉ ሆኖ በግልጽ ሲነበብ አንድ ይቆጠር፤ ካሜራ ተቀይሮ እንደገና ሲታይ እንደ አዲስ። ድግግሞሽ ምስል ለብቻው ይመዝገብ፣ አለዚያ ጎል የበዛበት ጨዋታ ቁጥሩን ያዛባዋል። በስድስተኛ ዓምድ የዕድሜ ገደብ ወይም ማስጠንቀቂያ አብሮ መታየቱ ይጻፍ። ሁለት ሰው ተለያይቶ ቆጥሮ ያስተያይ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ «በግልጽ ይነበባል» የሚለውን ሁለቱ በአንድ ዓይነት አልተረዱትም ማለት ነው፤ ደንቡን አስተካክለው ከመጀመሪያው ይጀምሩ። መጠይቁ የሚዘጋጀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ «ማሊያው ይከልከል?» ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያው በብዛት የተገኘበት ቦታ በስሙ ተጠቅሶ ሰው ይጠየቃል።